ቅጠሉ ተበልቷል፤ ምርቱስ?

ጠዋት ወደ ጓሮ ትወጣላችሁ። የጎመኑን ቅጠል ስታገላብጡ ወንፊት ሆኗል። ከትናንት ወዲያ ደህና ነበር። ልባችሁ ድንግጥ ይላል። «አለቀልኝ» ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መርጫውን ያነሳል።

ድንጋጤው ይገባኛል። ዘር ዘርቶ፣ አረም ነቅሎ፣ ውሃ አጠጥቶ ያሳደገውን ነገር ሌላ ሲበላበት ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ግን መርጫው ከመነሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ቅጠሉ ተበልቷል፤ እሺ። ምርቱስ ተነክቷል ወይ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ ስለሚመስሉን ብዙ ጊዜ ሳያስፈልግ እንረጫለን። መፍጠን ባለብን ሰዓት ደግሞ ተዘናግተን እንገኛለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ሁለተኛው ነው፤ የፈራነው ሌላ፣ የጎዳን ሌላ ይሆናል።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ እስከ 40 በመቶ የሚደርስ የዓለም ሰብል በተባይና በበሽታ ይጠፋል። ይህ የሚናቅ ቁጥር አይደለም። ታዲያ እንዲህ እየሆነ «ቅጠል ስለተበሳ አትደንግጡ» ማለት እንዴት ይቻላል? ይቻላል፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ጥፋት የሚያደርሱት ሁሉም ነፍሳት አይደሉም። ሳይንስ እስካሁን መዝግቦ ስም ያወጣላቸው የነፍሳት ዝርያዎች አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ሰብልን ክፉኛ የሚጎዱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። የቀሩት ወይ ከእኛ ጋር ጉዳይ የላቸውም፣ ወይ ይጠቅሙናል። በጓሯችን የሚሳበውንና የሚበረውን ሁሉ «ተባይ» ብለን በአንድ ስም ስንጠራው እውነተኞቹ ጠላቶች በብዙኃኑ መሃል ይደበቁብናል።

ተክል ትርፍ ቅጠል አለው

ተክል ቅጠል የሚያወጣው ለክቶ አይደለም፤ አትርፎ ነው። በአንድ ያደገ የቲማቲም ተክል ላይ ከታች ያሉት ቅጠሎች የላዮቹ ጥላ ይሸፍናቸዋል። ስለዚህ ብዙም ሥራ አይሠሩም። ከላይ ያለው ቅጠል ሲበሳ ብርሃኑ ወደ ታች ይዘልቃል። ያ ቦዝኖ የነበረው ቅጠል ሥራ ይጀምራል። ተክሉም በጎን አዲስ ቅጠል ይተካል። ለዚህ ነው ጤነኛ የቲማቲም ተክል ከቅጠሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢያጣም የፍሬው መጠን እምብዛም የማይለወጠው።

ድንች ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ድንች ከማበቡ በፊት እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቅጠሉ በጥንዚዛ ቢበላበትም ያገግማል። አበባ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ትዕግሥት ያልቃል። ያኔ ከመሬት በታች ድንቹ መሙላት የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ይፈለጋል። በዚህ ወቅት 10 በመቶ ገደማ ማጣት እንኳ ምርት ላይ ይታያል። ድንቹ ሞልቶ ግንዱ ወደ መድረቅ ሲቃረብ ደግሞ ቅጠሉ ቢበላ ብዙም አያስጨንቅም። ጥንዚዛው ያው ነው፤ የሚበላውም ያው ቅጠል ነው። የተለየው ቀኑ ብቻ ነው።

ተክሉም ዝም ብሎ ቆሞ የሚበላ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ግሪን እና ራያን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር አሳዩ። ጥንዚዛ የነከሰው የድንችና የቲማቲም ቅጠል የነፍሳቱን ምግብ የመፍጨት አቅም የሚያውክ ፕሮቲን ማከማቸት ይጀምራል። ይህን የሚያደርገው የተነከሰው ቅጠል ብቻ ቢሆን ባልገረመን። ያልተነካውም ቅጠል ያከማቻል። በአንድ በኩል የደረሰው ጥቃት ወሬው ለመላው ተክል ይደርሳል ማለት ነው። በኋላ በበቆሎ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ጨመሩ። አባጨጓሬ ሲበላው በቆሎው የተለየ ሽታ ይለቃል። ይህን ሽታ ተከትለው ትንንሽ ተርቦች ይመጣሉ፤ አባጨጓሬው ውስጥም እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ተክሉ የጠላቱን ጠላት ጠራ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር የምንመለከተው ቀዳዳ የተክሉ ሽንፈት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተክሉ ሊቋቋመው የሚችለው ወጪ ነው።

ይህን ሐሳብ በሥርዓት ያስቀመጡት ስተርን፣ ስሚዝ፣ ቫን ደን ቦሽ እና ሄገን የተባሉ አራት የካሊፎርኒያ የነፍሳት ሊቃውንት ናቸው። ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ተባይ መኖሩ ብቻውን ለመርጨት ምክንያት አይሆንም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የሚያደርሰው ኪሳራ ከመከላከያው ወጪ ወደሚበልጥበት ደረጃ ሲቃረብ ነው እርምጃ የሚወሰደው። ከዚያ በታች ሲሆን መርጨቱ ራሱ ኪሳራ ነው። ዛሬ ስለ ተባይ ቁጥጥር የሚሰጠው ምክር አብዛኛው በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ጓሮ ለሚያለማ ሰው ግን ወሬው በደንብ የደረሰው አይመስለኝም። እርሱ የሚሰማው አሁንም «አንድ ትል ካየህ ርጭ» የሚለውን ነው።

የቱን ክፍል ነው የሚበላው?

በቅጠል ሥጋ ውስጥ እየተሽሎከለከ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር የሚተው ትንሽ ትል አለ። በፎሶሊያ ወይም በቲማቲም ቅጠል ላይ ሲታይ መልክ ያበላሻል እንጂ ምርት ሲቀንስ እምብዛም አይታይም። እኛ የምንለቅመው ቅጠሉን አይደለማ። እንዲህ ዓይነቱ መስመር ቆስጣ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቆስጣ ምርት ቅጠሉ ነው። መስመር የበዛበት ቅጠል ተቆርጦ ይጣላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለያ ይህ ነው። ተባዩ የሚበላው እኛ የምንበላውን ክፍል ነው ወይስ ሌላውን? ሌላውን ከሆነ ጊዜ አለን። የእኛን ከሆነ ትንሽ ቁጥርም ይጎዳል። ቲማቲም ፍሬ ውስጥ ሰርስሮ የሚገባ አንድ ትል የሚያጠፋው የቅጠል አንድ አምስተኛ ሳይሆን ሙሉ ፍሬ ነው። ጥቂት ከበላ በኋላ ወደ ሌላ ፍሬ ሊዛወርም ይችላል። ቃሪያ ላይም እንዲሁ። ከገባ በኋላ ደግሞ የምንረጨው ነገር አይደርስበትም።

ጥቅል ጎመን በአንድ ዕድሜው ሁለቱንም ያሳየናል። መጠቅለል ሳይጀምር ውጫዊ ቅጠሎቹ ቢበሱ እነሱን ማን ይበላቸዋል? ከዚያ በፊት እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የቅጠል ጉዳት ይችላል። መጠቅለል ሲጀምር ግን መሃሉ ላይ የገባች አንዲት አባጨጓሬ እየበላች፣ እያቆሸሸች ከንብርብሩ ጋር ትሸፈናለች። መደንገጥ ካስፈለገ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዕድሜ ነው። ትልቅ ተክል የሚንቀውን ጉዳት ችግኝ አይችለውም። ለዚህ ቆራጭ ትልን የሚያክል ምሳሌ የለም። ማታ ተክላችሁ የተኛችሁት ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ ጋር በመቀስ የተቆረጠ መስሎ ወድቋል። ቅጠሉ አልተበላም። ቀዳዳም የለበትም። ግን አልቋል። እዚህ ላይ የመቶኛ ስሌት አይሠራም። አንዱ ትል በአንድ ሌሊት ብዙ ችግኝ ሊጥል ይችላል። ደግነቱ ሩቅ አይሄድም። ቀን ቀን እዚያው አጠገብ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ይተኛል። በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣታችሁ ብትጭሩ ታገኙታላችሁ። ለቀሪዎቹ ችግኞች ደግሞ ከጠንካራ ወረቀት የተሠራ ቀለበት በግንዱ ዙሪያ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ወደ አፈር ገብቶ ቢቆም ይጠብቃቸዋል። ግንዱ እስኪጠነክር ድረስ ይበቃል።

እየዘለሉ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ የሚያበዙት ጥቃቅን ጥንዚዛዎችም እንዲሁ ናቸው። ሁለት ቅጠል ብቻ ላለው ችግኝ አደጋ ናቸው። ለአደገ ተክል ግን ጌጥ ቢሆኑ ነው። ቀንድ አውጣም ቢሆን ጥርሱ የሚከፋው በለጋው ላይ ነው።

ቁጥር የማይሠራበት ቦታ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለሚያኝኩት ነው። የሚመጡት ግን የሚያኝኩት ብቻ አይደሉም።

ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ነፍሳት ቅጠል አይበሳም። መርፌ በመሰለ አፉ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። መራባቱ አስደንጋጭ ነው። በሞቃት ወቅት ሴቷ ያለ ወንድ፣ ያለ እንቁላል፣ በቀጥታ ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችው ደግሞ በሳምንት ገደማ ራሷ መውለድ ትጀምራለች። ሆኖም በጠነከረ ተክል ላይ ጥቂት ክሽክሽ ቢገኝ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። በጠንካራ የውሃ ግፊት ቢታጠብ አብዛኛው ይወድቃል፤ የወደቀውም ተመልሶ መውጣት ይከብደዋል።

ችግሩ ቫይረስ ሲሸከም ነው። ክሽክሽ ከሚያዛምታቸው ቫይረሶች ብዙዎቹ የሚተላለፉት በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በራሪው ክሽክሽ ያርፋል፣ ይቀምሳል፣ ይሄዳል። ተክሉ ተያዘ። የረጨነው መድኃኒት ክሽክሹን የሚገድለው ዘግይቶ፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ነው። ነጭ ዝንብም ቲማቲም ላይ ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርገውንና የሚያጨማድደውን ቫይረስ ያመጣል። በለጋነቱ የተያዘ ቲማቲም ይቀነጭራል፤ የረባ ፍሬም አይሰጥም። አብቦና አፍርቶ ሳለ የተያዘው ግን የያዘውን ፍሬ ያደርሳል።

ስለዚህ እዚህ ላይ መጠበቅን አልመክርም። ግን መፍትሔው ዘግይቶ መርጨትም አይደለም። ችግኙን ከመጀመሪያው በደቃቅ መረብ መሸፈን፣ የተጨማደደ ተክል ሲታይ ሳያመነቱ ነቅሎ ማስወገድ፣ በዙሪያው ያለውን አረም ማጽዳት ይበጃል። አንድ የታመመ ተክል አሳዝኖን ስንተወው የምናጣው አሥሩን ነው።

ሌላው ጊዜ የማይሰጠው ተባይ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም የእሳት እራት ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስፔን ውስጥ ታየ። ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በአፍሪካና በእስያ ተዛመተ። እጩ፣ ማለትም ትሉ፣ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ይበላል፣ ግንዱ ውስጥ ይገባል፣ ፍሬውንም ይበሳል። ዝም ከተባለ ከ80 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን ምርት ሊያጠፋ ይችላል። እዚያ 40 በመቶ የሚባለው ቁጥር ውስጥ ያሉት እንዲህ ዓይነቶቹ ናቸው። አዲስ አገር የገባ፣ ጠላቱን ወደኋላ ጥሎ የመጣ፣ ቶሎ የሚራባና ለመርጨት በማይመች ቦታ የሚደበቅ ተባይ። ጎመን ላይ ያያችሁት የተለመደ ቀዳዳ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

መርጨት ራሱ ተባይ ሲፈጥር

ይህን ክፍል ሰዎች ሲሰሙ ማመን ይከብዳቸዋል፤ ግን በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው።

የጎመን የእሳት እራት የሚባለው፣ ጀርባው ላይ የአልማዝ ቅርጽ ያለው ትንሽ እራት፣ ዲዲቲን መቋቋሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1953 በጃቫ ደሴት ነው። ዲዲቲ ነፍሳት እንደሚገድል የታወቀው በ1939 ነበር። አሥራ አራት ዓመት ብቻ። ከዚያ በኋላ የወጡትንም መድኃኒቶች አንድ በአንድ ሲለማመዳቸው ኖሯል። ብዙ በተረጨ ቁጥር የሚተርፉት የማይሞቱት ናቸው፤ የሚወልዱትም እነሱ ናቸው።

ከአትክልት ትንሽ ወጣ ልበልና የኢንዶኔዥያን ሩዝ ላንሳ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለማላውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሩዝ ላይ ቡናማ ፈሳሽ መጣጭ ነፍሳት ክፉኛ ተነሳ። መንግሥት ጸረ-ተባይ እየደጎመ ገበሬው እንዲረጭ ያበረታታ ነበር። ተመራማሪዎች ማሳውን ሲያዩ የተረጨው ከማይረጨው ይልቅ እንደተጎዳ ተረዱ። መድኃኒቱ ሸረሪቶቹንና ሌሎቹን አዳኞች ጨርሶ፣ ተባዩን ያለ ጠባቂ ለቆት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 መንግሥት 57 ዓይነት መድኃኒቶች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ። ድጎማውም ቀስ በቀስ ተነሳ። ምርቱ አልወደቀም።

በትንሽ ጓሮም የሚሆነው ይኸው ነው። ለአባጨጓሬ ተብሎ የተረጨ ጠንካራ መድኃኒት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ጥቃቅን ተባይ ይዞ ይመጣል። ቀድሞም ነበረ። የሚበሉት ግን አሁን የሉም።

እነዚህን በዪዎች ማወቅ ጸረ-ተባይ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ትንሽ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። እጯን ግን ማንም አያውቃትም። ጠቆር ያለች፣ ብርቱካናማ ነጥብ ያላት፣ አዞ መሳይ ነገር ናት። ሰው ሲያያት ቅጠል የምትበላ መስሎት ይጨፈልቃታል። እሷ ግን እዚያ የመጣችው ክሽክሽ ልትበላ ነው፤ አድጋ ጥንዚዛ እስክትሆን በመቶዎች ትበላለች። ሌላው ምልክት ደግሞ የተነፋና ወደ ቡናማ ወርቃማነት የተለወጠ፣ የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ ነው። ውስጡ የተርብ እጭ አለ። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ተርቡ አድጎ ወጥቷል። በአንድ ቅጠል ላይ እንዲህ ዓይነቶቹን ከቆጠራችሁ ሥራው ተጀምሯልና እጃችሁን ሰብስቡ። ጉንዳን በክሽክሹ መሃል ሲመላለስ ካያችሁ ግን ልዩነት አለው። ጉንዳኑ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ አዳኞቹን ያባርራል። ያኔ ጉንዳኑን መከልከል ግማሽ ሥራ ነው።

ደግሞም ያለ ጥፋታቸው የሚከሰሱ አሉ። የቲማቲም ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙ ሰው ተባይ ይላል። ምክንያቱ ፍሬው በቂ ካልሲየም ሳይደርሰው መቅረቱ ነው፤ ይህም በአብዛኛው አንድ ቀን ደርቆ አንድ ቀን ከሚጥለቀለቅ የውሃ አሰጣጥ ይመጣል። በበሰበሰው ውስጥ የተገኙት ትንንሽ ነፍሳት ኋላ የመጡ ናቸው። ለዚህ የሚረጭ መድኃኒት የለም። ውሃውን ማስተካከል ነው። ማዳበሪያ አብዝቶ የሰጠም ሰው ክሽክሹን የጠራው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ይወዳልና።

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት መቁጠር። ከመደቡ የተለያየ ቦታ አሥር ተክል ምረጡ። ከጥጉ ብቻ አትውሰዱ። የቅጠሉን ጀርባ እዩ፤ ተባይ የሚውለው እዚያ ነው። ቀዳዳው ጠርዙ ደርቆ ቡናማ ከሆነ የቆየ ነው፤ ባለቤቱ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ አረንጓዴ ከሆነና አጠገቡ እርጥብ ኩስ ካለ አሁንም እየተበላ ነው። ቀን ምንም ካላገኛችሁ ሌሊት በባትሪ ውጡ። ቁጥሩን ጻፉት። ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙት። እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ውሳኔው ያለው በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ እንጂ በመጀመሪያው ድንጋጤ ውስጥ አይደለም።

ከጨመረ በእጅ መልቀም ይቅደም። ለትንሽ መደብ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም። የሳሙና ውሃ ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ ይሠራል፤ ግን የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ጀርባ መራስ አለበት። ጠንካራ መድኃኒት የግድ ከሆነ ለዚያ ሰብልና ለዚያ ተባይ የተፈቀደውን ምረጡ። ከረጫችሁ በኋላ እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀን መለያው ላይ አንብቡ። ንብ በምትሠራበት ሰዓት አበባ ላይ አትርጩ። ይህን የምለው ለዱባና ለኪያር ስል ነው፤ ንብ ካልጎበኘቻቸው ፍሬ አይዙም።

ያ ወንፊት የሆነው ጎመን እዚያው ቆሟል። ውጫዊ ቅጠሎቹን ወደ ጎን አድርጋችሁ መሃሉን ተመልከቱ። አዲስ የወጣው ቅጠል ንጹሕ ከሆነ፣ አዲስ ኩስም ከሌለ፣ መርጫውን ወደ ቦታው መልሱት። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ተክል እንደገና ክፈቱት።